ኳሱን ወርውሮ ጥላ ሥር የሚቀመጠው አስተማሪ ከየት መጣ?

ስለ ሰውነት ማጎልመሻ አስተማሪ የሚነገረውን ቀልድ ሁላችንም እናውቀዋለን። ፊሽካውን አንገቱ ላይ ያንጠለጥላል፤ ኳሱን ወደ ሜዳው ይወረውራል፤ «ተጫወቱ» ይላል፤ ከዚያም ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ደወል እስኪደወል ይጠብቃል። ቀልዱ እውነትም ውሸትም አለበት። ከፀሐይ ጋር እየታገሉ ስድሳና ሰባ ልጅ የሚያስተምሩ፣ ከደመወዛቸው ገመድና ኳስ የሚገዙ አስተማሪዎች መኖራቸውን የሚክድ ሰው ቢኖር የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጦ የማያውቅ መሆን አለበት። ነገር ግን ጥላ ሥር የሚቀመጠውም አለ። እርሱን ለመውቀስ ብዕር አላነሣሁም፤ ወቀሳው ሲወርድበት ኖሯልና። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው፤ ይህ ሰው ከየት መጣ? ይህን እንዲያምን ማን አስተማረው?

«ሥልጠናው ደካማ ስለ ሆነ ነው» የሚለው መልስ ለአፍ ይቀላል። እኔ ግን ነገሩ ከሥልጠናው በፊት የተጀመረ ይመስለኛል። ጥላ ሥር መቀመጥን በትምህርት ዓይነትነት የሚሰጥ ኮሌጅ በኢትዮጵያ ውስጥ የለም። ሰውየው እምነቱን ይዞት ነው የገባው። ሥልጠናው የጎደለው ነገር፣ ሠልጣኙ ይዞት የመጣውን እምነት አውጥቶ እንዲያየውና እንዲመረምረው አለማድረጉ ነው። ስለዚህ አብሮት ገብቶ አብሮት ተመረቀ።

እስቲ እናስበው። አንድ ሠልጣኝ ወደ መምህራን ትምህርት ኮሌጅ ወይም ወደ ዩኒቨርሲቲ የስፖርት ሳይንስ ክፍል ሲገባ እንደ ባዶ ማሰሮ ሆኖ አይደለም። ዐሥራ ሁለት ዓመት በወንበር ላይ ተቀምጦ አስተማሪን ሲያይ ኖሯል። ዳን ሎርቲ የተባለ አሜሪካዊ የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1975 ስለ አስተማሪዎች ባሳተመው መጽሐፍ ይህን «በማየት የሚገኝ ልምምድ» ብሎታል። በአገሩ አንድ ወጣት ሁለተኛ ደረጃን እስኪጨርስ 13,000 ሰዓት ያህል ከአስተማሪዎች ፊት እንደሚያሳልፍም ገምቷል። እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ሰዓት ጋር የጥቂት ዓመት ሥልጠና ምን ያህል ይመዝናል?

ነገሩን የሚያከፋው ደግሞ ተማሪ የሚያየው ነገር ግማሹን ብቻ መሆኑ ነው። የዶርዜ ሸማኔ ልጅ ከአባቱ ጎን ተቀምጦ ሲያድግ ድሩ ሲዘረጋም፣ ሲበጠስም፣ ሲቀጠልም ያያል፤ አባቱ የቱ ላይ እንደ ተቸገረ፣ የቱን ፈትቶ እንደ ገና እንደ ሠራው ያውቃል። ሙያውን ከውስጥ ሆኖ ነው የሚማረው። ተማሪ ግን አስተማሪውን የሚያየው ከፊት ለፊት ብቻ ነው። አስተማሪው ያን እንቅስቃሴ ለምን እንደ መረጠ፣ ማታ ምን እንዳሰበ፣ የትኛዋ ልጅ እንዳሳሰበችው አይታየውም። የሚታየው ፊሽካው ነው፤ ድምፁ ነው፤ ጥላው ነው። ስለዚህ «ማስተማር ይህ ነው» ብሎ የሚይዘው ያን የላይኛውን ቅርፊት ይሆናል።

በሜዳ ላይስ ያየነው ምን ነበር? እኛ የጋሞ ልጆች በሁለት ዓይነት አየር ነው ያደግነው። በአርባ ምንጭና በአባያ ዳር ባሉት ቀበሌዎች ያደገው፣ ረፋዱ ላይ ሜዳው እንደ ምጣድ ሲግል ያውቃል። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጠው በጨንቻ ከፍታ ያደገው ደግሞ ጉም ወርዶ ጎሉን ሲሸፍነው አይቷል፤ ሜዳው ተዳፋት ከሆነም ያመለጠችው ኳስ የምትገኘው ከሰው እንሰት ውስጥ ነው። አየሩ ይህን ያህል ቢለያይም ትምህርቱ ግን አንድ ዓይነት ነበር። ሁለት ጎበዞች ይወጡና ሰው ይመርጣሉ። መጀመሪያ ፈጣኖቹ ይጠራሉ፤ ቀጥሎ ግዙፎቹ፤ በመጨረሻ «እሱን ውሰደው» «አይ አንተ ውሰደው» የሚባልለት አንድ ልጅ ይቀራል። ሴቶቹ ከመጀመሪያውም አልተቆጠሩም፤ ሹራባቸውን ይዘው ወደ ዳር ሄደዋል። ይህ በክፋት የተደረገ አልነበረም። እንዲያውም ብዙዎቻችን ስናስታውሰው ደስ ይለናል። እዚህ ላይ ነው ችግሩ።

ከዚያ ሜዳ ማንም በቃል ሳያስተምረን ጥቂት ነገሮችን ተምረን ወጥተናል። የሰውነት ችሎታ ከእናት ማኅፀን ይዘውት የሚወለዱት እንጂ በትምህርት የሚመጣ አይደለም የሚለው አንዱ ነው። የሒሳብ አስተማሪ «ይህ ልጅ ለሒሳብ አልተፈጠረም» ቢል እንቆጣለን፤ የሰውነት ማጎልመሻ አስተማሪ «ይህ ልጅ ለስፖርት አልተፈጠረም» ሲል ግን እንስቃለን። ክፍለ ጊዜው የዕረፍት እንጂ የትምህርት አይደለም ብለንም ይዘናል። ከሁሉ የከፋው ግን ፍትሕን የሚመለከተው ነው፤ ኳስ የሚገባው ኳስ ለሚችል ነው ብለን አምነናል። በሌላ ትምህርት መጽሐፉን አስቀድሞ ማንበብ ለሚችለው ብቻ የሚሰጥ አስተማሪ ቢኖር በሰላም ያድር ነበር?

አሁን ደግሞ ወደ ሙያው የሚገባው ማን እንደ ሆነ እንይ። እ.ኤ.አ. በ1983 ሃል ላውሰን የተባለ ምሁር ስለዚሁ ጉዳይ ሲጽፍ፣ ወደ ሰውነት ማጎልመሻ አስተማሪነት የሚሳቡ ሰዎች ሙያው ምን እንደሚጠይቅ አስቀድመው የገመቱትን ግምት ይዘው እንደሚገቡ፣ ያም ግምት በልጅነት የስፖርት ሕይወታቸው እንደሚቀረጽ አመልክቷል። በእኛ ቋንቋ ብንተረጉመው እንዲህ ማለት ነው፤ ወደዚህ ሙያ በፈቃዱ የሚመጣው መጀመሪያ ሲመረጥ የኖረው ልጅ ነው። «አይ አንተ ውሰደው» ሲባልለት የነበረው ልጅ የሰውነት ማጎልመሻ አስተማሪ ልሁን ብሎ አያመለክትም። ስለዚህ ሜዳው የጠቀማቸው ሰዎች ብቻ ተሰብስበው ሜዳው ደግ ነው ብለው ይፈርዳሉ። ከሰባው ልጅ የሃምሳው ሐሳብ በዚህ ሸንጎ ላይ ተወካይ የለውም።

ይህ ሠልጣኝ ልቡ ያለው በአሠልጣኝነት ላይ ነው። ስለ አርባ ምንጭ ከተማ ቡድን አሰላለፍ ሌሊቱን ሲከራከር ያድራል፤ ስለ ሰባተኛ ክፍል የትምህርት ዕቅድ ግን ዐሥር ደቂቃ ማውራት ይታክተዋል። አልፈርድበትም፤ የቡድን አሠልጣኝ መሆን ክብር ያለው ሥራ ነው። ነገር ግን አሠልጣኝ ከመቶ ሰው ዐሥራ አንዱን መርጦ የቀረውን እንዲያሰናብት ተፈቅዶለታል። አስተማሪ ማንንም እንዲያሰናብት አልተፈቀደለትም። ሁለቱ ሥራዎች አንድ ዓይነት ቱታ ስለሚለብሱ ብቻ አንድ ይመስሉናል።

ሌላው ዓይነት ሠልጣኝ ደግሞ ተመድቦ የመጣው ነው። የውጭ አገር መጻሕፍት ስለ እርሱ ብዙም አይናገሩም፤ በአገራቸው ሰው በምርጫው እንደሚገባ ቆጥረው ይጽፋሉና። በእኛ አገር ግን አንዱ የሕክምና፣ አንዷ የሒሳብ አያያዝ ትምህርት ሲያስቡ ውጤትና ኮታ ወደ ሜዳው ያወጣቸዋል። እንዲህ ያለው ሠልጣኝ በመጀመሪያው ዓመት ቱታውን ከቦርሳው ውስጥ ደብቆ ይሄዳል፤ ዘመድ «ምን ትማራለህ?» ሲለው «ሳይንስ» ይላል፤ «ስፖርት» የምትለዋን ቃል ዋጥ ያደርጋታል። ብዙ ሰው የሙያው ሸክም እርሱ ነው ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም። በልጅነቱ ዳር ቆሞ የኖረው፣ ኳስ ሲመጣበት የሚሸሸው እርሱ ስለ ሆነ፣ ከሰባው ልጅ የሃምሳውን ሆድ የሚያውቅ እርሱ ነው። አስተማሪዎቻችን ይህን እንደ ጉድለት ከመቁጠር ይልቅ እንደ እውቀት ቢጠቀሙበት ከሁላችን የተሻለ አስተማሪ ይወጣው ነበር።

ይህ ሁሉ ሲሆን ኅብረተሰቡስ ምን ይላል? በየትምህርት ቤቱ የሚደረገውን እናውቃለን። የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ሰውነት ማጎልመሻን አይጠይቅም። ፈተናው የማይጠይቀውን ወላጅ አይጠይቅም፤ ወላጅ የማይጠይቀውን ርእሰ መምህር አይጠይቅም። ፈተናው ሲቃረብ የፊዚክስ አስተማሪው መጥቶ «ክፍለ ጊዜህን ልበደርህ» ይላል፤ ብድሩ ተመልሶ አያውቅም። ተማሪውም በሩ ላይ ቆሞ ይህን ያያል። ዛሬ የሚያይ ተማሪ ነገ ሠልጣኝ ሆኖ ሲመጣ «ትምህርቴ ትምህርት አይደለም» የሚለውን እምነት አብሮ ያመጣል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1978 ባወጣውና በ2015 ባሻሻለው ቻርተር የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት የሁሉም ሰው መሠረታዊ መብት እንደ ሆነ ተጽፏል። ሆኖም ቻርተሩን ያነበበ ርእሰ መምህር ቢኖርም ክፍለ ጊዜውን ያበደረ ይመስለኛል።

አንዳንድ ሰው እዚህ ላይ አበበ ቢቂላን ያነሣብኛል። «በ1952 ዓ.ም. መጨረሻ ሮማ ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ያሸነፈ አገር ምን ይጎድለዋል?» ይላል። አበበ የክቡር ዘበኛ ወታደር ነበር እንጂ የሰባተኛ ክፍል የሰውነት ማጎልመሻ ፍሬ አልነበረም። ጀግኖቻችንን እንደ መጋረጃ አንጠልጥለን የትምህርት ቤቱን ሜዳ ከጀርባቸው መደበቅ ለጀግኖቹም አይመጥንም።

ወደ ሥልጠናው ልመለስ። በዚህ ትምህርት ስለ እሴት የጻፉ ምሁራን፣ በተለይም ካተሪን ኤኒስና ባልደረቦችዋ፣ የአስተማሪዎችን እምነት በየዓይነቱ ለይተው አሳይተዋል። አንዱ አስተማሪ ከሁሉ በላይ የሚያየው ተማሪው የእንቅስቃሴውን ጥበብ በትክክል መቻሉን ነው። ሌላው እንዴት እንደሚማር ማወቁን፤ ሌላው ተማሪው ራሱን ማወቁንና በራሱ መተማመኑን፤ ሌላው ደግሞ ከሌሎች ጋር በፍትሕ መኖሩን ያስቀድማል። የቱ ይሻላል ብለን ሠልጣኞችን ብንጠይቅ «ሁሉም ያስፈልጋል» የሚል መልስ እናገኛለን። በወረቀት ፈተና ላይ ይህ ሙሉ ነጥብ ያስገኛል። እምነት ግን በወረቀት አይታይም። አስተማሪው ሜዳው ላይ የት እንደሚቆም፣ የማንን ስም እንደሚያውቅ፣ ማን ሲወድቅ እንደሚሮጥና ማን ሲወድቅ እንደሚስቅ በማየት ነው የሚታወቀው።

እኛስ ራሳችን ምን በሚሉት መለኪያ ነው የምንለካው? በብዙ ማሠልጠኛዎች የተግባር ኮርስ ውጤት የሚሰጠው በዝላይ ርዝመትና በሩጫ ሰዓት ነው። በመጀመሪያው ቀን አምስት ሜትር የዘለለ ያለ ምንም ልፋት ከፍተኛውን ውጤት ይወስዳል፤ ከሦስት ሜትር ተነሥቶ አራት የደረሰው ዝቅተኛውን ይዞ ይሄዳል። የመማርን ድካም በአካሉ የሚያውቀው ሁለተኛው ሆኖ ሳለ ወረቀቱ ተቃራኒውን ይመሰክርበታል። ታዲያ በዚህ ሚዛን ሦስትና አራት ዓመት ተመዝኖ የወጣ ሰው የጨንቻን ልጆች በሌላ ሚዛን እንዲመዝን መጠበቅ ከቶ እንዴት ይቻላል? በንግግር አዳራሽ «ተማሪ ተኮር» ተብሎ የተነገረውን የሜዳው ውጤት መዝገብ ይሽረዋል። ሠልጣኝ የሚያምነው ደግሞ መዝገቡን ነው።

ኬኔት ዛይክነርና ሮበርት ታባክኒክ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1981 ተመሳሳይ ነገር ጠይቀው ነበር። በጊዜው ብዙ ሰው ዩኒቨርሲቲ አዲስ ሐሳብ እንደሚያስተምር፣ ትምህርት ቤት ግን ያን ሐሳብ አጥቦ እንደሚያስወግደው ያምን ነበር። እነርሱ ግን «ለመሆኑ የሚታጠብ አዲስ ነገር ነበረ ወይ? ዩኒቨርሲቲውና ትምህርት ቤቱ ተባብረው አንድ ዓይነት ነገር እያስተማሩ ቢሆንስ?» የሚል ጥርጣሬ አነሡ። ይህ ጥርጣሬ ከአሜሪካ ይልቅ ለእኛ የተጻፈ ይመስለኛል።

ስለ ማስተማር ልምምድ ያየሁትን ልናገር። የተመደብሁበትን ትምህርት ቤት ስም መጥራት አያስፈልግም፤ ክፉ ትምህርት ቤት አልነበረም። በመጀመሪያው ቀን አማካሪ ሆኖ የተሰጠኝ አስተማሪ፣ ቅን ሰው፣ ዕቅዴን አንብቦ ሳቀና «ወንድሜ፣ ይህ የመጽሐፍ ነው፤ ለተቆጣጣሪው አሳየው፤ እኛ እዚህ ኳስ እንሰጣለን» አለኝ። ተቆጣጣሪውም አንድ ቀን መጣ፤ ሃያ ደቂቃ ያህል ቆመ፤ ዕቅድ አለ፣ ፊሽካ አለ፣ ሰልፍ አለ፣ ሰውነት ማሟሟቂያ አለ እያለ በቅጹ ላይ ምልክት አደረገ። ቅጹ ላይ ያልተጻፈው ነገር ከሜዳው ዳር ነበር። ዐሥራ ሰባት ሴት ልጆች በዩኒፎርም ጉርዳቸው ተደርድረው ቆመዋል። ልብስ የሚቀይሩበት ክፍል የለም፤ አንዳንዶቹ ጠዋት ውኃ ቀድተው ነው የመጡት። «ዝለሉ» ስላቸው «ጋሼ፣ አንችልም» አሉኝ። ዝላይ የማይችሉ መሆናቸውንም መዝገቡ አስቀድሞ መስክሯል።

በዕረፍት ሰዓት ግን እነዚያው ልጆች ከመማሪያ ክፍሉ ጀርባ ሱዚ ሲጫወቱ አየሁ። ላስቲኩ ከቁርጭምጭሚት ተነሥቶ ጉልበት፣ ወገብ፣ ብብት ደረሰ። ያቺ «አንችልም» ያለችኝ ልጅ ትከሻ ድረስ የተያዘውን ላስቲክ በአየር ላይ ታጥፋ ነካችው። ቅልጥፍናው፣ ሚዛኑ፣ የዝላዩ ስልት በሥልጠና መጽሐፋችን ከተሣለው ምንም አይጎድለውም። የወደቀችውን ጓደኛቸውንም አላስወጧትም፤ በጨዋታው ሕግ መሠረት ላስቲክ ያዥ ሆና ተራዋን ጠበቀች። የማይችል ሰው ከጨዋታው የማይወጣበት ሕግ ማለት ነው! ይህን ሕግ ማን ጻፈላቸው? በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ላስቲኩን ወደ ሜዳው እንዲያመጡት ጠየቅኋቸው። መጀመሪያ አፈሩ፤ ከዚያ አመጡት፤ ወንዶቹ ሊሞክሩ ገብተው እግራቸው ተጠላልፎ ሲወድቁ የነበረውን ሳቅ መግለጽ አልችልም። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ «ተፈጥሮ ችሎታ» የሚነገረውን ስሰማ ያ ላስቲክ ይታየኛል። ስድስት ሴሚስተር ሙሉ በንግግር አዳራሽ ያልተነካ እምነት በዐሥራ አምስት ደቂቃ ዕረፍት ተነካ።

«ለሰባ ልጅ አንድ ኳስ ባለበት አገር ስለ እምነትና ስለ እሴት ታወራለህ?» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። ድህነቱን አልክድም፤ መንግሥት ሜዳና መሣሪያ ሊሰጥ ይገባዋል፤ ይህን መጠየቅም የማኅበራችን ሥራ ነው። ነገር ግን ኳሱ አንድ በሆነ ቁጥር የአስተማሪው እምነት ይበልጥ ይገለጣል እንጂ አይደበቅም። ዐሥራ አምስት ኳስ ቢኖር ዳር የቆመችውም ልጅ አንዱ ይደርሳት ነበር፤ አንድ ሲሆን ግን ለማን እንደሚሰጥ የሚወስነው እምነት ነው። ደግሞም በጋሞ ደጋ የእንሰት ቃጫ ያልተፈተለበት፣ ገመድ ያልተገመደበት ቤት የለም ብል ማጋነን አይሆንብኝም። በሸማኔ ቤት ውስጥ የጨርቅ ኳስ የሚሆን ቁርጥራጭ አይጠፋም። ሰኞ ማክሰኞ ለመጫወት ጠጠርና መሬት ይበቃል። የጎደለው ዕቃ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልተቸገርን።

አሁን ስለ ጋሞ አንድ ነገር ላንሣ፤ ከርእሱ የወጣሁ እንዳይመስላችሁ። መስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩና በአካባቢው በደረሰው ጥቃት የጋሞ ተወላጆች ሲገደሉና ሲፈናቀሉ በአርባ ምንጭ ወጣቶች በቁጣ ወጡ። በቀል ሊፈጸም ሲቃረብ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው ከወጣቶቹ ፊት ተንበረከኩ፤ ወጣቶቹም ተመለሱ። አገሩ ሁሉ ይህን አይቶ አድንቋል። እኔን የሚያስገርመኝ ግን የሽማግሌዎቹ መንበርከክ ብቻ አይደለም፤ የወጣቶቹ መቆም ነው። እነዚያ ወጣቶች ሣሩ ምን ማለት እንደ ሆነ ማን አስተማራቸው? የሥነ ዜጋ መጽሐፍ አላስተማራቸውም። በልጅነታቸው ከዱቡሻው ዳር ተቀምጠው ትልልቆቹ ሲከራከሩ፣ ሲታረቁ፣ ሲረግሙና ሲመርቁ አይተዋል። አባት ሣር ይዞ ሲቆም ማለፍ እንደማይቻል በማየት ነው የያዙት።

እንግዲህ ልብ በሉ! መንገዱ አንድ ነው። የዱቡሻው እሴት ወደ ልጁ የገባበት መንገድና «ኳስ ለሚችል ብቻ» የሚለው እምነት የገባበት መንገድ አንድ ዓይነት ነው፤ ለዓመታት በማየትና አብሮ በመሆን። ልዩነቱ በዱቡሻው ነገሩ በአደባባይ መነገሩ ነው። እዚያ ሰው ተነሥቶ «ይህ ልክ አይደለም» ይላል፤ ሌላው ይመልስለታል፤ ውሳኔው ለምን እንደ ተወሰነ ሁሉም ይሰማል። በሥልጠናችን ግን ማንም ተነሥቶ ስለ ያዘው እምነት አይናገርም፤ ማንም አይጠይቀውምና።

ዱቡሻውን እንደ ገነት አድርጌ የሣልሁ እንዳይመስል ይህንም ልጨምር። በሸንጎው ላይ የሴት ድምፅ እንደ ወንዱ አልተሰማበትም፤ በጋሞ ደጋ ሸክላ ሠሪውና ቆዳ ፋቂው ከሌላው ጋር እኩል እንዳይቀመጡ፣ እንዳይጋቡ ሲደረግ መኖሩም የታወቀ ነው። እኛ አንናገረውም እንጂ ይህ ነገር የትምህርት ቤት ሜዳ ላይ ሲደርስ ስሙን ይለውጣል። አስተማሪው «ሁለት ሁለት ሆናችሁ እጅ ለእጅ ተያያዙ» ሲል ማን ማንን እንደሚሸሽ ዓይን ላለው ሰው ይታያል። በሌሎች ትምህርቶች ልጆች በየወንበራቸው ናቸው፤ መነካካት የግድ የሚሆነው በእኛ ትምህርት ብቻ ነው። ስለዚህ ይህን የመሰለ አሮጌ ግድግዳ ሊያፈርስ ወይም በፊሽካ ሊያጸናው የሚችል አስተማሪ ቢኖር የሰውነት ማጎልመሻው ነው። «እንደ ፈለጋችሁ ተጣመሩ» ብሎ ፊቱን ያዞረ አስተማሪ ገለልተኛ የሆነ ይመስለዋል፤ ግን መርጧል።

ስለዚህ የተከበራችሁ መምህሮቻችን፣ የምንለምናችሁ አዲስ ሕንፃ አይደለም። ሠልጣኙ በገባ በመጀመሪያው ወር ስለ ራሱ የትምህርት ቤት ሜዳ እንዲጽፍ አድርጉ፤ ማን እንደ መረጠው፣ ማን ዳር እንደ ቀረ ያስታውስ። ጽሑፉም ለውጤት ሳይሆን ለክርክር ይነበብ፤ የተመደበው ሠልጣኝና እግር ኳሰኛው ፊት ለፊት ይነጋገሩ። በ1995 ዓ.ም. የመምህራን ትምህርት ሥርዓት ሲሻሻል ልምምድ ከፍ ያለ ቦታ ተሰጥቶት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ አሠራሩ ደጋግሞ ቢለዋወጥም ልምምዱ አለ። የጎደለው ከልምምዱ በኋላ ተቀምጦ መነጋገር ነው። አማካሪ የሚሆኑት አስተማሪዎችም በክፍት ክፍለ ጊዜያቸው ሳይሆን በአስተማሪነታቸው ይመረጡ፤ ለዚህም ከማስተማሪያ ሰዓታቸው ጥቂት ይቀነስላቸው፤ ያለ ዋጋ የሚሠራ ሥራ ምን እንደሚሆን ሁላችን እናውቃለንና። የተግባር ውጤታችንም ቢያንስ በከፊል ከየት ተነሥተን የት እንደ ደረስን የሚያሳይ ይሁን።

የሥራ ጓደኞቼ የምትሆኑ ሠልጣኞችም አንድ ነገር ልበላችሁ። ይህን ሁሉ እስኪያደርጉልን መጠበቅ የለብንም። ለልምምድ በምትሄዱበት ትምህርት ቤት አንድ ቀን ፊሽካችሁን ኪሳችሁ ከትታችሁ፣ በአርባ ደቂቃ ውስጥ ኳሱን አንድ ጊዜ እንኳ ያልነኩትን ልጆች ቁጠሩ። ቁጥሩን ለማንም አትንገሩ፤ ለራሳችሁ ያዙት።

ለማኅበራችን መሪዎች ያለኝ ጥያቄ ደግሞ አጭር ነው። በልምምድ መገምገሚያ ቅጽ ላይ፣ ከፊሽካውና ከሰልፉ ቀጥሎ አንድ መስመር እንዲጨመር ለሚመለከታቸው ክፍሎች በጽሑፍ ይቅረብ። መስመሩም «በዚህ ክፍለ ጊዜ ያልተሳተፉ ተማሪዎች ስንት ናቸው? ሠልጣኙስ ስለ እነርሱ ምን አደረገ?» የሚል ይሁን። የሚቀጥለው ልምምድ ሳይጀመር ቅጹ እንደ ገና መባዛቱ አይቀርም። የማመልከቻውን ረቂቅ ጽፌ ለማኅበሩ ጸሐፊ ሰጥቻለሁ፤ መፈረም የሚፈልግ፣ ወይም ቃሉን ማረም የሚፈልግ፣ ከሰኞ ጀምሮ ከምሳ በኋላ በጽሕፈት ቤቱ ያገኘዋል።